ከረባት ያሰረው አርበኛ

ሐሙስ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ፌርፋክስ

ጉዞ ሲባል ሻንጣና ፓስፖርት ለምትጠብቁ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ እኔ የያዝኩት የግሮሰሪ ከረጢት ነው፣ በውስጡም ከግድግዳ የወረደ ፎቶ። ከሎስ አንጀለስና ከአካባቢዋ ፈቅ አላልኩም። ቢሆንም በሃያ ሁለት ዓመት የአሜሪካ ኑሮዬ እንደዚያ ሐሙስ የረዘመ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ሰዓቱን ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፤ በነሱ መቁጠር እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

ስሜ ብዙነሽ ነው። ሥራዬ ኬርጊቨርነት ነው፤ ሚስስ ኤስተር የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አይሁዳዊት እናት ቤታቸው እያደርኩ እንከባከባለሁ። ቤታቸው የአበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ነው። ሰባት ዓመት አብረን ኖረናል። ሰባት ዓመት ከባል ጋር እንኳ አልቆየሁም።

ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ድሮ አንድ ትንሽ ፎቶ ነበር። በረዶ፣ ከኋላ ጥድ፣ ከፊት ዘጠኝ ሰዎች። ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ካፖርታቸው የተለያየ፣ ጠመንጃቸው የተለያየ፤ አንዷ ሴት በአንድ እጇ ጠመንጃ በሌላው ድስት ይዛለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች አይሁዶችን ሲጨርሱ አምልጠው ጫካ የገቡ፣ በኛ አነጋገር አርበኞች ናቸው። ከቀኝ ሁለተኛው የፀጉር ኮፍያ እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ የጠመንጃው ማንገቻ ተራ ገመድ የሆነ፣ የሚስቅ ልጅ ነው። «ይሄ ወንድሜ ዮሴፍ ነው» ብለውኛል በመጀመሪያው ሳምንት። ዮሴፍ ጫካ ሲገባ እሳቸው የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። አልተመለሰም። መቃብር የለውም፣ ሌላ ፎቶም የለውም። በዓመት አንድ ቀን ከፎቶው ሥር ሻማ ያበሩለታል።

አሁን የኔን ጉድ ስሙ። የዛሬ አምስት ዓመት ሚስስ ኤስተር ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኙ። ሲመለሱ ደስ ላሰኛቸው ብዬ ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣሁና ያኔ ፌርፋክስ ላይ ፎቶ ቤት ለነበራቸው ለጋሼ ንጉሤ ሰጠኋቸው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚደረገውን ታውቃላችሁ። ለብቻው የተነሳው ከሌለ ከሠርግ ወይም ከማኅበር ፎቶ ላይ ፊቱ ይቆረጣል፣ ይጎላል፣ ሱፍ ይለብሳል፣ ከረባት ያስራል። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ አጎቴ እንኳ በሙት ዓመቱ ከረባት አስሮ ነው የተለቀሰለት። ጋሼ ንጉሤም ያንኑ አደረጉ። ስምንቱን ሰዎች አጠፉ፣ በረዶውን አጠፉ፣ ጠመንጃውን አጠፉ። ኮፍያውን አውልቀው ፀጉሩን ወደ ጎን አበጠሩለት፤ ጥቁር ሱፍ አልብሰው ቀይ ከረባት አሰሩለት፤ ከኋላው ሰማያዊ መጋረጃ ዘረጉለት። በትልቅ ፍሬም አምጥቼ ሰቀልኩት። ሚስስ ኤስተር ከሆስፒታል ሲገቡ ፊት ለፊቱ ቆመው ብዙ አለቀሱ። የደስታ ነው ብዬ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ቆንጆ ነበር እኮ።

ኦርጅናሉን ጋሼ ንጉሤ «ከጀርባው አድርጌዋለሁ» አሉኝ። አመንኳቸው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም።

ረቡዕ ዕለት የሚስስ ኤስተር ልጅ ዲና ደወለች። አንድ ሙዚየም የዚያኑ ፎቶ ሌላ ቅጂ አግኝቶ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው። ከስምንቱ ሰዎች ሥር ስም አለ፤ ከቀኝ ሁለተኛው ሥር ግን «ያልታወቀ» ይላል። ዲና እሳት ሆነች። ስማቸው ከጀርባው በእርሳስ ተጽፏል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት መጥታ ፍሬሙን ልትከፍት፣ ጀርባውን ኮፒ አድርጋ ዓርብ ጠዋት ለሙዚየሙ ልትሰጥ ቆረጠች። የአጎቷ ስም ሊጻፍ ነው።

እኔ እንቅልፍ የለኝም። ጎህ ሲቀድ ፍሬሙን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ምስማሮቹን በቢላ ነቀልኩ። ካርቶን። ከካርቶኑ ሥር የፎቶ ቤቱ የቀን መቁጠሪያ ገጽ፣ የታኅሣሥ። ሌላ ምንም የለም።

ዘወር ስል ሚስስ ኤስተር መራመጃ ዎከራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ባዶውን ካርቶን ቆመው አዩ፣ አዩና በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተዪው» አሉኝ። «ለዲና ጠፋ በያት። ተዪው፣ ብዙ።»

እኔ ደግሞ የማን ልጅ ነኝ? እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው «ተዪው» ሲል «አድርጊልኝ፣ ግን አስቸገረችኝ እንዳትዪ» ማለቱ ነው። እናቴ አንድ ቀን «ራበኝ» ሳትል ነው የሞተችው፤ ሦስቴ «በቃኝ» ካላለች አትጎርስም ነበር። ሚስስ ኤስተርም ሦስቴ «ተዪው» አሉኝ። በሦስተኛው ላይ እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ሐሙስ የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ተተኪዋ መጣች፣ እኔም ፍሬሙን በከረጢት አድርጌ ወጣሁ።

ጠዋት 1 ሰዓት፤ ከፌርፋክስ ወደ ደቡብ

ምግብ ቤቶቹ ገና አልተከፈቱም። አንድ ሰው የትናንቱን ዘይት ከእግረኛው መንገድ ላይ በውኃ ጎማ ያጥባል። ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ከመስታወቱ ጀርባ የምሽቱ የጥብስ ሽታ አልለቀቀም። የጋሼ ንጉሤ ፎቶ ቤት የነበረው ቅንድብ የሚነቀልበት ሳሎን ሆኗል። ከጎኑ ያለው የበርበሬና የሽሮ ሱቅ ብቻ ገርበብ ብሏል። ባለሱቋን ጠየቅኳት። ፎቶማ ድሮ ቀረ፣ ሁሉም በስልኩ ነው፣ ጋሼ ንጉሤም አሁን ኤርፖርት ሰው ያመላልሳሉ፣ ሃውቶርን ነው ቤታቸው አለችኝ። አድራሻውን በበርበሬ ከረጢት ላይ ጻፈችልኝ።

መኪና አልነዳም፤ ሁለት አውቶቡስ ቀየርኩ። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ ያለነው አንድ ዓይነት ሰዎች ነን፤ የሰው ቤት ጠራጊ፣ የሰው ምግብ አብሳይ፣ የሰው እናት ተንከባካቢ። ሁሉም ምሳውን ጭኑ ላይ ይዞ ያንቀላፋል። ኮረብታው ላይ ነዳጅ የሚቀዱት ብረቶች አንገታቸውን ቀና ደፋ ያደርጋሉ። ፍሬሙ ጉልበቴ ላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት በከረጢቱ ቀዳዳ አየችውና በስፓኒሽ ቆንጆ ነው አለችኝ፤ የአሠሪዬ ልጅ መስሏት ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት፤ ሃውቶርን

አውሮፕላኖቹ ጎማቸውን ዘርግተው ከጣሪያ በላይ ያልፋሉ፤ በየሦስት ደቂቃው ሰው ንግግሩን ያቋርጣል። ጋሼ ንጉሤ ከአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ላይ ግራጫ መኪናቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ፀጉራቸው ጥጥ መስሏል። ወዲያው አወቁኝ። ሰው በፊቱ አይጠፋቸውም፣ ሙያቸው ነው። ፍሬሙን ሳወጣው ደግሞ ጭራሽ በደስታ ፈኩ።

ከረባቱን በጣታቸው እያሳዩ ያንን ጥላ ለመሥራት ቀን ሙሉ እንደፈጀባቸው ነገሩኝ። ኦርጅናሉን ስጠይቃቸው ከጀርባው ነው አሉ። የለም አልኩ። ካርቶኑን አገላበጡት። ምናልባት ረስቼ ይሆናል፣ ያኔ ሱቁን ልዘጋ ስል ግርግር ነበር፣ ሊዙም አልቆብኝ ነበር ማለት ጀመሩ። እዚህ ላይ አንቱታዬ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ የሙት ስም እኮ ነው የጣልከው!»

አውሮፕላን አለፈ። ጨርቁን አጥፈው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡ።

«አልጣልኩም» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ የሰው ፊት ጥዬ አላውቅም። ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ ኦርጅናል ሁሉ ካርቶን ውስጥ ነው። አራት ካርቶን ሞልቷል። ጽጌ ጋራዥ ነው ያለው።»

እትዬ ጽጌ የቀድሞ ሚስታቸው ናቸው፤ ዌስት አዳምስ ይኖራሉ። ከተፋቱ አራት ዓመታቸው ነው፣ አይነጋገሩም። ጋሼ ንጉሤ መኪናውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ስልካቸውን አጠፉ። «ኦኬ፣ ዛሬ ሥራ ቀረ። ግቢ» አሉኝ። እኔ ደግሞ አመሰግናለሁ አላልኩም፤ በሩን ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

ፍሪዌዩ እንደ ሁልጊዜው በመኪና ተጨናንቆ ቆሟል። አኩርፌ በመስኮት ሳይ እሳቸው ብቻቸውን ማውራት ጀመሩ። ወጣት ሆነው አዲስ አበባ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ነው ሙያውን የተማሩት። ያ ዘመን ልጆች በየመንገዱ የሚገደሉበት ነበር። እናቶች ጥቁር ለብሰው የክፍል ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ ከሃምሳ ተማሪ መካከል አንዱን በጥፍራቸው ያሳያሉ። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ሱፍ አልብስልኝ ይላሉ።

«ሱፍ ኖሮት አያውቅም እኮ፤ የደብተር መግዣም የለውም» አሉ ጋሼ ንጉሤ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ። «ያልደረሰበትን ዕድሜ ነው የማለብሰው። እናትየው ፎቶውን ስትቀበል ምን ትላለች? ‹አቤት፣ ትልቅ ሰው ሆነ› ትላለች።»

ኩርፊያዬ ትንሽ ላላ። ግን አልነገርኳቸውም።

ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል፤ ዌስት አዳምስ

ሰፊ በረንዳ ያላቸው የእንጨት ቤቶች፣ ቀለማቸው የተላጠም ትናንት የተቀባም ጎን ለጎን። ጋሼ ንጉሤ ከእትዬ ጽጌ ቤት ሁለት ቤት ርቀው ፓርክ አደረጉና መሪውን ጨብጠው ቀሩ። አልወርድም አሉ። ብቻዬን አንኳኳሁ።

እትዬ ጽጌ ቁመተ ረጅም፣ አንደበታቸው የሚቆርጥ ሴትዮ ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ወደ መንገዱ አንገታቸውን አስግገው መኪናውን አዩት።

«ባል ሲሄድ ኮተቱን ይዞ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር» አሉ። «የኔው ኮተቱን ለኔ ትቶ ነው የሄደው።»

ጋራዡን አስጠግነው አከራይተውታል። ካርቶኖቹን ሁለት ዓመት ታግሰዋል። ልብስ ሊያጥቡ ሲገቡ፣ ዕቃ ሊያወጡ ሲገቡ፣ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ሟቹ ሁሉ ያፈጥባቸዋል፤ የማላውቀው ሰው ሁሉ ታዛቢ ሆነብኝ አሉኝ። ባለፈው ዓመት ደጃፋቸው ላይ አሮጌ ዕቃ ሲሸጡ አንድ ሰው አራቱንም ካርቶን እንዳለ ወሰደ። ካርዱን ትቶላቸው ነበርና ከፍሪጁ ላይ ነቅለው ሰጡኝ። ግሌንዴል የሚገኝ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው።

እዚያው በረንዳው ላይ ቆሜ ስልኬ ጮኸ። ሚስስ ኤስተር ናቸው። ነይና ምሳ አብረን እንብላ፣ ተዪው፣ ዲናን እኔ አናግራታለሁ አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። አንጀቴን በሉት። ይሄኔ እኮ ልጃቸውን ፈርተው ነው አልኩ በሆዴ፤ እኔን ከመከራ ሊያወጡ ውሸት ሊዋሹልኝ ነው። አይዞዎት፣ ደርሻለሁ፣ አገኘዋለሁ አልኳቸው። ስልኩን ዘጉት። ምነው ያን ጊዜ ጆሮ በኖረኝ።

ልወጣ ስል እትዬ ጽጌ ጠሩኝ። በፎይል የተጠቀለለ ዳቦ በእንቁላልና አንድ ጠርሙስ ውኃ ሰጡኝ። ስኳር ስላለበት ሳይበላ እንዳይነዳ፣ ከኔ ነው እንዳትዪው አሉ። መኪና ውስጥ ሰጠኋቸው። ጋሼ ንጉሤ ፎይሉን ገለጡ፣ አሸተቱ፣ ከማን እንደሆነ አልጠየቁም። ሁለት ቤት ርቀን እንደቆምን ሙሉውን በሉ።

ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት፤ ግሌንዴል

ሱቁ ከጥፍር ሳሎንና ከጥርስ ሐኪም መካከል ነው፤ እስከ ስምንት ሰዓት ስለማይከፈት ደጁ ላይ ጠበቅን። ውስጡ አቧራና የቤት ዕቃ ቅባት ይሸታል። ወንበር፣ መብራት፣ ጽሕፈት መኪና፣ የሌላ ሰው ሠርግ ላይ የተሰጠ የሸክላ ዕቃ። ባለቤቱ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ትሑት ሰው ነው። ፎቶ ስለው ወደ ጥግ መራኝ። አራት የእንጨት ሳጥኖች፣ በላያቸው በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ፤ ዘመድ ለሌላችሁ ዝግጁ ዘመድ፣ አንዱ በሦስት ዶላር። ሰዎች ቤታቸውን ለማስጌጥ ይገዛሉ፣ ፊልም ሠሪዎችም ይገዛሉ አለኝ፤ አንድም ክፋት የለበትም።

እጄን ሰደድኩ። መጀመሪያ የማላውቃቸው ፈረንጆች። ቀጥሎ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ። ቀጥሎ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ። የምረቃ ቆብ የደፋ፣ ክርስትና የተነሳች ሕፃን፣ ለፓስፖርት የተነሱ አራት አንድ ዓይነት ፊቶች። የኛ ሰዎች፤ ፌርፋክስ ላይ ሲያልፉ የማያቸው፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆሙ። ከፈረንጅ ሴት አያቶች ጋር ተቀይጠው በሦስት በሦስት ዶላር ተቀምጠዋል። ጋሼ ንጉሤ ከኋላዬ ቆመው እያንዳንዱን በስም ጠሩት። ይሄ በስትሮክ የሞተው ነው፣ ይቺ ሲያትል ገብታለች፣ እኚህ ለልጃቸው ሠርግ ሊጎላላቸው ሰጥተው ያልተመለሱ ናቸው። አንዳንዱን ሲጠሩ አቧራውን በእጅጌያቸው ይጠርጉለታል። ጠዋት የሰደብኳቸው ስድብ አፌ ውስጥ መረረኝ።

አራቱንም ሳጥን ፈተሽን። የለም። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው። አንዱ ገዝቶት ሳሎኑ ሰቅሎት ይሆናል፤ የማያውቃቸውን ዘጠኝ ሰዎች አያቶቼ ናቸው እያለ ለእንግዳ ያሳይ ይሆናል። የሚስስ ኤስተር ወንድም «ያልታወቀ» ተብሎ መስታወት ውስጥ ሊቀር ነው፣ ያውም በኔ እጅ፣ ያውም በደግነቴ። አለቀስኩ። ባለሱቁ ተደናግጦ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። በረዶ፣ ጠመንጃ፣ ዘጠኝ ሰዎች አልኩት።

«ኦ፣ የጦርነት ከሆነ ለብቻው ነው የማስቀምጠው» አለና ከመደርደሪያው ሥር ማኅደር አወጣ።

እዚያ ነበሩ። በፕላስቲክ ውስጥ፣ ከላዩ «የሩሲያ ወታደሮች፣ ክረምት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት። ድስት የያዘችው ሴት፣ ጥዱ፣ ኮፍያው፣ የገመድ ማንገቻው፣ ሳቁ። ገለበጥኩት። በእርሳስ የተጻፈ፣ የደበዘዘ ግን የሚነበብ፣ እኔ የማልችለው ፊደል። ከላይ እስከ ታች ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ መስመር። ሳምኩት። ባለሱቁ የጠየቀኝን ሰጥቼ ያለ ክርክር ወጣሁ፤ ጋሼ ንጉሤ ግን አልተከተሉኝም። በመስታወቱ ሳይ አንዱ ሳጥን ላይ አጎንብሰው አንድ ፎቶ መዝዘዋል። ከፈሉና ወደ ደረት ኪሳቸው ከተቱት። መኪና ውስጥ ሲገቡ ጫፉ ወጣ ብሎ አየሁት፤ ወጣቷ እትዬ ጽጌ ናቸው፣ ቬሎ ለብሰው፣ አጠገባቸው ፀጉሩ ጥቁር የሆነ ሙሽራ።

ወደ ፌርፋክስ ስንመለስ ፎቶውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ነበርኩ። አንቱታዬን መለስኩላቸው። ከደጃፉ ስወርድ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ሂጂ» ብለው መኪናውን አስነሱ።

10 ሰዓት ተኩል፤ ፌርፋክስ

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። ሚስስ ኤስተር መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል፣ ምሳቸው እንዳለ ቀዝቅዟል። ተተኪዋን አሰናበትኳት። አገኘሁት ብዬ ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥኩ። እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

ፊት ለፊቱን አላዩትም። ገልብጠው ጀርባውን ወደ ብርሃን አስጠጉ። ጣታቸው ከላይ ጀመረች፣ ከቀኝ እየቆጠረች ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመች።

«ሌይብ» አሉ። «ሌይብ፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ።»

«ዮሴፍስ?»

«ዮሴፍ እዚህ የለም።»

ያልገባኝ መስሏቸው ዘጠኙንም ስም እየነኩ አነበቡልኝ። ዮሴፍ የሚባል አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወራ ሰው፣ ነገሩኝ። ጦርነቱ ሲያልቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነው ከአክስታቸው ጋር ስደተኞች ሰፈር ነበሩ። ከዚያ ጫካ የተረፈ አንድ ሰውዬ ይህን ፎቶ ይዞ መጣ። ዮሴፍ የቱ ነው ብለው ጠየቁት። ሰውዬው ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየ፤ እሳቸውን አየ። ከዚያ የሚስቀው ልጅ ላይ ጣቱን አሳረፈና ፎቶውን እጃቸው ውስጥ አስቀመጠ። ማንበብ አይችሉም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ፊደል ቆጠሩ፣ አንድ ቀን ፎቶውን ገለበጡት። ለአክስታቸው አልተናገሩም፣ ለባላቸው አልተናገሩም፣ ለዲና አልተናገሩም።

«ሰውዬው ሊጎዳኝ አልነበረም» አሉኝ። «አሳዘንኩት። እንዳንቺ ደግ ሰው ነበር።»

በሰባት ዓመት ውስጥ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ይሄም ክፉ ቃል አልነበረም። ግን ወጋኝ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጠዋት ባዶውን ካርቶን አይተው የተነፈሱት ትንፋሽ ትዝ አለኝ። ሐዘን ነበር የመሰለኝ። እፎይታ ኖሯል። ሸክማቸው በኔ ስህተት ከላያቸው ወርዶላቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከተማውን አካልዬ መልሼ አሸከምኳቸው። ሦስቴ ተዪው አሉኝ፣ በስልክም አራተኛ። በገዛ አገሬ ይሉኝታ ተርጉሜ የሰውን «ተዪው» «አድርጊልኝ» አደረግኩት።

«አሁን ዮሴፍን ላስታውስ ስል የሚመጣብኝ ይሄ ልጅ ነው» አሉ። «ሳቁ ሳይቀር። የወንድሜን ፊት ይሄ ወስዶታል።»

ሃያ ደቂቃ አለን አልኳቸው። ጠፋ እንላለን። ምድጃው ላይ አቃጥለዋለሁ፣ አመዱንም እኔ እጠርጋለሁ፤ ዲና ብትቆጣ በኔ ትቆጣ። ከልቤ ነበር። ክብሪቱን ሳይቀር ከመሳቢያ አውጥቻለሁ።

ሚስስ ኤስተር ክብሪቱን አዩት፣ ፎቶውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«ይሄም ልጅ እናት ነበረችው» አሉ። «በኔ የተነሳ ነው ስም ያጣው። ይበቃዋል።»

11 ሰዓት፤ እዚያው

ዲና የመንገድ ልብሷን ሳታወልቅ ገባች። እናቷ ራሳቸው ነገሯት፣ እኔ ኩሽና ቆሜ ሰማሁ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ የሃምሳ ዓመት ሴት እንደ ልጅ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ሻማ የምናበራው ለማን ነው?» አለች።

ዮሴፍ የት እንደወደቀ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ዲና ዓይኗን ጠራርጋ ጀርባውን በስልኳ አነሳች፤ ሁለተኛውን መስመር እናቷ ሁለቴ አነበቡላት፣ እሷም በላቲን ፊደል ጻፈችው። ሌይብ። ነገ ጠዋት «ያልታወቀ» የሚለው ይነሳል። ሥራው ይህን ያህል አጭር ነው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ልትወጣ ስትል ሶፋው ላይ ተደግፎ የቆመውን ትልቁን ፍሬም አየችው። ሱፍ፣ ቀይ ከረባት፣ ሰማያዊ መጋረጃ። ይሄንን እኔ እወስደዋለሁ፣ ዓይንሽ ሥር አይቀመጥም ብላ ብድግ አደረገችው። ንዴቷ በኔ ነበር፣ ልክ ነበረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«እሱን አስቀምጪው» አሉ ሚስስ ኤስተር። «እሱ ሌይብ አይደለም። ሌይብ ከረባት አስሮ አያውቅም። እሱ ጫካ አልገባም፣ ጠመንጃ የለውም፣ አድጓል። የማንም አይደለም። የኔ ይሁን።»

ዲና ፍሬሙን መለሰችው። እናቷን ሳመች፣ እኔን ሳታየኝ ሄደች።

ካርቶኑን መልሼ አስገባሁ፣ ምስማሮቹን በመዶሻ መታሁ፣ ቦታው ላይ ሰቀልኩት። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ጠዋት ስነቅለውና ስሸከመው ሳላስተውል የቀረሁትን አየሁ፤ የከረባቱ ቋጠሮ ትንሽ ወደ ግራ ዘሟል። ጋሼ ንጉሤ ያቃኑታል፣ ነገ እወስድላቸዋለሁ ልል አፌን ከፈትኩ።

«ተዪው፣ ብዙ» አሉኝ።

ተውኩት።